የዘጠናዎቹ ምርጥ ፊልም የቱ ነው?

ባለፈው ሰሞን በመሥሪያ ቤታችን በሻይ ሰዓት አንድ ክርክር ተነሣ። ክርክሩ ስለ ደመወዝ ወይም ስለ እግር ኳስ አልነበረም። ከ1990 እስከ 1999 ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው የሚል ነበረ። አንዱ ባልደረባዬ «ዘ ሾውሻንክ ሪደምፕሽን» ከተባለው የወህኒ ቤት ታሪክ በላይ የለም አለ። ሁለተኛው «ማትሪክስ»ን ጠርቶ ተሟገተ። ሦስተኛይቱ፣ በመዝገብ ቤት የምትሠራው፣ ሁለቱንም ከንቱ አድርጋ ለ«ታይታኒክ» ቆመች፤ ምክንያቷን ቢጠይቋትም «ሰው ያለቀሰበት ይበልጣል» ብላ መለሰች። ሻዩ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ዳኛ ሁን ብለው ወደ እኔ ሲዞሩ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው፤ ከእነዚያ ዓመታት ፊልሞች ያላያችሁት ስንቱን ነው? ሦስቱም ሳቁ። «ያላየሁትን እንዴት ብዬ ልቍጠረው?» አለኝ የሾውሻንኩ ጠበቃ።

ነገሩ ቀልድ ቢመስልም የክርክሩ ቍልፍ ያለው በዚህ መልስ ውስጥ ነው። የአሥር ዓመት ምርጥ ፊልም ብለን በደረጃ ስንደረድር የፊልሞቹን ዋጋ የመዘንን ይመስለናል። ነገር ግን ከሚዛኑ በፊት አንድ ሌላ ዳኛ ተቀምጦ ፍርዱን ጨርሶታል፤ እርሱም የትኛው ፊልም የት አገር፣ በማን ፊት ለመታየት ቻለ የሚለው ነው። ይህን በምሳሌ ላሳይ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ ለይቼ ካላመለከትሁ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

በዓለም ላይ እጅግ የታወቀው የፊልም ምርጫ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ የሚያካሂደው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሐያሲ አሥር ፊልሞች ይጽፋል፤ በተራ ማስቀመጥ አይገደድም፤ ከዚያ ድምፁ ይደመራል። የዚህ አሠራር ጠማማ ጎን ለማንም ይታያል። የሺሕ ሰዎች ዐሥራ አንደኛ ምርጫ የሆነ ፊልም አንድም ድምፅ አያገኝም፤ ማንም ያላየው ፊልምም እንዲሁ አንድ ድምፅ አያገኝም። በወረቀቱ ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው።

በ1952 አንደኛ የወጣው የኢጣሊያዊው የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ነበረ፤ ፊልሙ በዚያን ጊዜ ገና የአራት ዓመት ዕድሜ ነበረው። ዛሬ ስሙ በየትምህርት ቤቱ የሚጠራው የኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» በዚያ ዓመት ከአሥሩ ውስጥ እንኳ አልገባም። በ1962 ግን አንደኛ ሆነና እስከ 2002 በተደረጉት አምስት ምርጫዎች ማንም ከቦታው አልነቀነቀውም። ታዲያ በእነዚያ አሥር ዓመታት ውስጥ ፊልሙ ተለወጠ? አልተለወጠም። የተለወጠው መንገዱ ነው። በ1941 ሲወጣ የጋዜጣው ባለጠጋ ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ታሪኩ በእኔ ላይ የተሠራ ነው ብሎ ጋዜጦቹ ማስታወቂያውን እንዳያትሙ አደረገ፤ ብዙ ሲኒማ ቤቶችም ፈሩ፤ ኩባንያውም ከሰረ። አውሮፓ ፊልሙን በሰፊው ያየችው ከጦርነቱ በኋላ ነው። በአሜሪካም በ1956 እንደገና ወጣ፤ በቴሌቪዥንም ታየ። አዲስ ትውልድ አየው፤ ከዚያም ድምፅ ሰጠ።

የአልፍሬድ ሂችኮክ «ቨርቲጎ» ጕዞ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስገርማል። በ1958 ሲወጣ ብዙዎቹ ጋዜጦች ቀዝቀዝ ባለ ስሜት ነበር የተቀበሉት። ኋላም ዳይሬክተሩ ራሱ ከሌሎች አራት ፊልሞቹ ጋር ከገበያ አውጥቶ ቆለፈበት። በ1982 ፊልሙ ገና እንደተቆለፈ ሳለ፣ ቀድሞ ያዩት ሰዎች ትዝታ ብቻውን ወደ ሰባተኛ ቦታ አደረሰው። ሂችኮክ በ1980 ከሞተ በኋላ በ1983ና በ1984 ፊልሞቹ እንደገና ለሲኒማ ቤቶች ቀረቡ። በ1992 አራተኛ፣ በ2002 ሁለተኛ፣ በ2012 አንደኛ ሆነ። ደረጃ በደረጃ እንደሚያድግ ሹም!

በ2022 የተነሣው ጭቅጭቅ ግን ከሁሉም የባሰ ነበረ። አንደኛ የወጣው የቤልጅጓ ሻንታል አከርማን በ1975 ያቀረበችው «ዣን ዲልማን» ነው። ፊልሙ ሦስት ሰዓት ከሃያ አንድ ደቂቃ ይወስዳል፤ የሚያሳየውም በብራስልስ የምትኖር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ለሦስት ቀን ቤት ስታስተካክል፣ ድንች ስትልጥ፣ ልጅዋን ስታበላ፣ ለመተዳደሪያዋም ከሰዓት በኋላ ወንዶች ስትቀበል ነው። ከአሥር ዓመት በፊት የነበረበት ደረጃ 36ኛ ነበረ። ፖል ሽሬደር የተባለው አሜሪካዊ ዳይሬክተርና ጸሐፊ፣ ፊልሙን ራሱ እያከበረ፣ እንዲህ ያለው ድንገተኛ ዝላይ የምርጫውን አመኔታ ያጐድለዋል ሲል ጻፈ። መልሱ ግን ከቍጥሩ ውስጥ ነበረ። በ2012 ድምፅ የሰጡት ሐያስያን 846 ሲሆኑ በ2022 ወደ 1,639 አድገዋል። ዳኞቹ እጥፍ ሊሆኑ ጥቂት ሲቀራቸው ፍርዱ እንደ ቀድሞው እንዲቆይ መጠበቅ የዋህነት ነው። ከዚህም ሌላ ፊልሙ በዲስክ ታትሞ በአሜሪካ በሰፊው የተሸጠው በ2009 ነው፤ ከዚያ በፊት ስለ እርሱ ካነበቡት ይልቅ ያዩት ጥቂቶች ነበሩ። በነገራችን ላይ ዌልስም ሆነ አከርማን እነዚህን ፊልሞች ሲሠሩ ዕድሜያቸው ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ነበረ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ገና ሠላሳ ያልሞላውን አንባቢ ለማስቈጨት ነው።

ወደ ዘጠናዎቹ እንመለስ። የባልደረባዬን «ሾውሻንክ» እንያት። በ1994 ስትወጣ ለመሥሪያ 25 ሚሊዮን ዶላር የፈጀች ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዙር በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያስገባችው 16 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበረ። ለሰባት የኦስካር ሽልማት ታጭታ አንዱንም ሳትወስድ ቀረች፤ የዚያ ዓመት ታላቁ ሽልማት የደረሰው ለ«ፎረስት ገምፕ» ነው። ታዲያ ማን አነሣት? በመጀመሪያ የቪዲዮ ካሴት አከራዮች። ቀጥሎም ከ1997 ጀምሮ አንድ የአሜሪካ የኬብል ቴሌቪዥን ጣቢያ ደጋግሞ ያሳያት ጀመረ። ከሥራ መጥቶ ወንበሩ ላይ የተዘረጋው ሰው ከመካከሏም ቢጀምር እስከ መጨረሻዋ የሚከተላት ፊልም ሆና ተገኘች። በኢንተርኔት ላይ ተመልካቾች ነጥብ በሚሰጡበት አይ ኤም ዲ ቢ በተባለው መዝገብ ከ2008 ወዲህ አንደኛነቱን ይዛ የቆየችው በዚህ መንገድ ነው። በዚያው በ2008 የበጋ ወራት «ዘ ዳርክ ናይት» የተባለው ፊልም በወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ወዳጆቹ ተረባርበው ለጊዜው አንደኛ አድርገውት ነበረ፤ አንዳንዶቹም የእነርሱ ፊልም ከፍ እንዲል ለ«ጎድፋዘር» ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጡ። ድምፅ በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ የሰው ጠባይ አንድ ነው!

ሾውሻንክን ለማዋረድ አይደለም ይህን የማነሣው፤ እኔም ደጋግሜ አይቻታለሁ። ነገር ግን በዚያው በ1994 የሀንጋሪው ቤላ ታር ከሰባት ሰዓት በላይ የሚወስደውን «ሳታንታንጎ»ን አቅርቧል፤ የሆንግ ኮንጉ ዎንግ ካር ዋይም «ቻንኪንግ ኤክስፕረስ»ን፤ ኩዌንቲን ታራንቲኖም በካን ከተማ የወርቅ ዘንባባ የተሸለመበትን «ፐልፕ ፊክሽን»ን። የሰባት ሰዓት ፊልም የሚያሳይ የኬብል ጣቢያ የለም። ስለዚህ በአንድ ዓመት የተወለዱት እነዚህ አራት ፊልሞች ለአንድ ውድድር ተሰለፉ ማለት አንችልም፤ የተነሡበት መሥመር የተለያየ ነውና።

ሐያስያኑም ቢሆኑ ከራሳቸው ሠፈር አይወጡም። «ቪሌጅ ቮይስ» የተባለው የኒውዮርክ ጋዜጣ በ1999 ሐያስያንን ሰብስቦ የዘጠናዎቹን ምርጥ ፊልም ሲጠይቅ አንደኛ የወጣው የቶድ ሄይንስ «ሴፍ» ነው፤ ጁሊያን ሙር በምትኖርበት አየርና በቤት ዕቃው ሽታ ሁሉ የምትታመም የካሊፎርኒያ እመቤት ሆና የሠራችበት። ይህን ፊልም ለባልደረቦቼ ብነግራቸው ከሦስቱ ስሙን የሰማ አልነበረም። ፈረንሳዮቹ ደግሞ «ካዬ ዱ ሲኔማ» በተባለው መጽሔታቸው በ2019 ያለፈውን አሥር ዓመት ሲመዝኑ አንደኛ ያደረጉት ዐሥራ ስምንት ክፍል ያለውን የዴቪድ ሊንችን የቴሌቪዥን ተከታታይ «ትዊን ፒክስ» ነው። ፊልም ምን እንደ ሆነ ሳይስማሙ የትኛው ፊልም እንደሚበልጥ መወሰን! የሆነ ሆኖ ይህ ሌላ ክርክር ነውና እንለፈው።

አንድ የአቈጣጠር ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልወድም። «ዘጠናዎቹ» ስንል የማን ዘጠናዎቹ ናቸው? የእኛ 1990 የገባው በመስከረም 1997 ሲሆን፣ ዘጠናዎቻችን የተፈጸሙት በመስከረም 2007፣ ሁለት ሺሕን ስንቀበል ነው። በዚህ ቢቈጠር «ሾውሻንክ» የሰማንያዎቹ ፊልም ትሆናለች፤ «ማትሪክስ» ግን የዘጠናዎቹ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ የሚከተለው ነው። በ2022 የእንግሊዙ መጽሔት ምርጫ ከመጀመሪያዎቹ አሥር መካከል በፈረንጅ ዘጠናዎቹ የተሠራው አንድ ብቻ ነው። በእኛ ዘጠናዎች ግን ሦስት ይሆናሉ፤ አምስተኛው የዎንግ ካር ዋይ «ኢን ዘ ሙድ ፎር ላቭ»፣ ሰባተኛው የክሌር ደኒ «ቦ ትራቫይ»፣ ስምንተኛውም የዴቪድ ሊንች «መልሆላንድ ድራይቭ»። የእኛን ዘመን ለመመዝገብ ማንም ስለማይጨነቅ እንጂ ዘጠናዎቻችን የታላላቅ ፊልሞች ዘመን ነበሩ ብለን በሻይ ሰዓት በኩራት መናገር እንችል ነበረ።

ከሦስቱ መካከል «ቦ ትራቫይ»ን ለብቻው የማነሣው የተቀረጸው ባቡራችን በሚደርስባት በጅቡቲ ስለ ሆነ ነው። ክሌር ደኒ ፈረንሳዊት ስትሆን የልጅነት ዘመኗን በከፊል ያሳለፈችው በአፍሪካ ነው፤ ጅቡቲም ከኖረችባቸው አገሮች አንዷ ናት። ታሪኩ የፈረንሳይ የባዕዳን ጦር አንድ የመቶ አለቃ ያህል ሥልጣን የሚሰማው የበታች ሹም በአንድ መልከ መልካም ወጣት ወታደር ላይ ያደረበት ቅናት ነው። ንግግሩ ጥቂት ነው። ወታደሮቹ በፀሐይ ይሮጣሉ፤ ሸሚዛቸውን ይተኵሳሉ፤ በባሕሩ ዳር እንደ ጭፈራ ያለ ልምምድ ያደርጋሉ። ሹሙ ወጣቱን የተበላሸ ኮምፓስ አስይዞ በጨው ሜዳ ላይ ጥሎት ይመለሳል። ያንን ነጭ ሜዳ ለማየት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ረጅም መንገድ መሄድ አያስፈልግም፤ የአፋር ምድር ጎረቤት ነው። ነገር ግን ፊልሙን ከጓደኞቼ መካከል ያየ አላገኘሁም። በ2012 በመቶዎቹ ዝርዝር መጨረሻ አካባቢ የነበረው ይህ ፊልም በአሥር ዓመት ውስጥ ሰባተኛ ሲሆን እኛ በቤታችን ደጃፍ የተቀረጸውን አልሰማንም ነበረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ደረስሁ። በ1993 አንድ የጎንደር ተወላጅ ዳይሬክተር በበርሊን የፊልም በዓል ላይ ለውድድር ፊልም አቀረበ። ሰውዬው ኃይሌ ገሪማ፣ ፊልሙም «ሳንኮፋ» ነው። በጋና ጠረፍ ባለ የባሪያ ንግድ ምሽግ ፎቶግራፍ ልትነሣ የመጣች ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል በመንፈስ ወደ ኋላ ተወስዳ በእርሻ ላይ ባሪያ ሆና ትነቃለች። ስሙ የአካን ሕዝብ ቃል ሲሆን ተመልሶ ማንሣት ማለት ነው። ከበርሊን በኋላ በአሜሪካ ፊልሙን የሚያከፋፍል ኩባንያ አልተገኘም። በዚህ ጊዜ ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና በዋሽንግተን ሲኒማ ቤት በኪራይ ያዙ። ከዚያም ከከተማ ወደ ከተማ ሲኒማ እየተከራዩ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበሮች ትኬት እየሸጡላቸው፣ ፊልሙን ለሕዝብ አደረሱት። ሰልፍ የተሰለፈለት ፊልም ነበረ።

እንግዲህ «የዘጠናዎቹ ምርጥ» የሚሉትን ዝርዝሮች ክፈቱና «ሳንኮፋ»ን ፈልጉ። በእንግሊዙ መጽሔት መቶዎች ውስጥ የለም። በአይ ኤም ዲ ቢ የሁለት መቶ ሃምሳዎች መዝገብ ለመግባት አስቀድሞ 25,000 ድምፅ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ይህን ያላሟላ ፊልም ውብ ይሁን አይሁን ሳይጠየቅ ከበሩ ይመለሳል። በኪራይ ሲኒማ ቤት ያየው ሰው ደግሞ በ1993 ነጥብ የሚሰጥበት ኢንተርኔት አልነበረውም። ፊልሙ ታድሶ በኔትፍሊክስ ለዓለም የቀረበው በመስከረም 2021 ነው። ከበርሊን እስከዚያ ድረስ ሃያ ስምንት ዓመት። ሾውሻንክ በየሳምንቱ በየሰዉ ቤት እየገባች ድምፅ ስትለቅም «ሳንኮፋ» በሠሪዎቹ እጅ ነበረ። ታዲያ «ሾውሻንክ ትበልጣለች» የተባለው ውድድር የት ተካሄደ?

አንዳንድ አንባቢ ዝርዝር ዝርዝር ነው፣ ማን ይጐዳበታል ይል ይሆናል። እኔ በዚህ አልስማማም። በዝርዝር ውስጥ ያለ ፊልም ይታደሳል፤ በየዩኒቨርሲቲው ይታያል፤ ገንዘብ ይመደብለታል። በተገላቢጦሽም ይሠራል። የሴኔጋሉ ጅብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ በ1973 የሠራው «ቱኪ ቡኪ» በ2008 በኢጣሊያ ቦሎኛ ታደሰ፤ በ2012 ከመቶዎቹ አንዱ ሆነ። በ2022ም የአገሩ ልጅ የኡስማን ሴምቤን የ1966 ፊልም «ጥቍሯ ልጅ» ተጨመረለት። መጀመሪያ ኮፒው ዳነ፤ ከዚያ ሰው አየው፤ ከዚያ «ታላቅ» ተባለ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ይህን የተረዱ ሰዎች በ2017 የአፍሪካ የፊልም ቅርስ ዕቅድ የተባለውን አቋቁመው፣ የአሜሪካው ፊልም ፋውንዴሽን፣ የአፍሪካ ፊልም ሠሪዎች ፌዴሬሽንና ዩኔስኮ በአንድነት፣ ሃምሳ የአፍሪካ ፊልሞች ለማደስ ተነሥተዋል።

የእኛ ዘጠናዎችስ? በእኛ አቈጣጠር በዘጠናዎቹ አጋማሽ በቪዲዮ የተቀረጹ ያገር ፊልሞች በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች መታየት ጀመሩ፤ ወጣቱ ተጋፍቶ ገባ፤ ልጅ ሳለሁ ታላላቆቼ ስለ እነርሱ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። የተቀረጹበት ካሴት ግን ሙቀትና እርጥበት የሚበላው ነገር ነው። የሴሉሎይድ ፊልም በደንብ ከተቀመጠ መቶ ዓመት ያልፋል፤ የቪዲዮ ካሴት ግን በሃያና በሠላሳ ዓመት ሥዕሉ መጥፋት ይጀምራል። ከእነዚያ ፊልሞች ምርጡ የቱ እንደ ሆነ ከአሁን ወዲያ አሥር ዓመት ቈይተን ልንከራከር ብንፈልግ የምንከራከረው በፊልሞቹ ላይ ሳይሆን በትዝታ ላይ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ይህን ለባልደረቦቼ ባወራላቸው የመዝገብ ቤቷ ልጅ ፊቷ ተለወጠ። «በእኛ ክፍል አንድ የፈቃድ ማመልከቻ እንኳ ቍጥር ሳይሰጠው አያድርም» አለች። «ለፊልሞቹስ ቍጥር የሰጠ ማነው?» መልስ የሰጣት አልተገኘም፤ የ«ማትሪክስ» ጠበቃም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ስምምነት አድርገናል። በየአሥራ አምስት ቀኑ አንዳችን ሌሎቹ ያላዩትን አንድ ፊልም ያመጣል፤ ድምፅ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ተራ የእኔ ስለ ነበረ «ሳንኮፋ»ን አሳየኋቸው። የሾውሻንኩ ጠበቃ ፊልሙ ሲያልቅ ብዙ ደቂቃ ሳይናገር ቈየና «አሁንም ሾውሻንክ ትበልጣለች» አለ። የ«ታይታኒክ»ዋ ተቃወመችው፤ በዚህኛውም አልቅሳ ነበርና። እስከ እኩለ ሌሊት ተጨቃጨቁ። የሚቀጥለው ተራ የእርስዋ ነው፤ የኢራናዊውን የአባስ ኪያሮስታሚን «ክሎዝ አፕ» ለማምጣት ወስናለች፤ እኔም አላየሁትም።